ማንም የራሱን አያበራም

ሽታው የያዘኝ ቡራዩ ታክሲ መቀየሪያው አጠገብ፣ በስልክ ሽፋንና በቻርጀር ገመድ የታጠረች ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። የቀለጠ ሊድና የሙጫ ጭስ። ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ወደ ሰበታ ቤቴ ልመለስ፣ ያስያዘችኝን የጎመን ፌስታል አንጠልጥዬ ስሄድ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። ከኋላዬ የነበረ ጎረምሳ «እማማ፣ መንገድ ይልቀቁ እንጂ!» ብሎኝ አለፈ። እማማ መባል ከጀመርኩ ከራርሜያለሁ፤ ግን እስካሁን በተባልኩ ቁጥር ሌላ አሮጊት ፍለጋ ዞር ማለቴን አልተውኩም።

ሱቁ ውስጥ ጠጋኙ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ይበይዳል። ከባንኮኒው ወዲህ ኮፍያ ያጠለቀ ሽማግሌ ቆሞ፣ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮውን በቀኝ እጁ ጣት እየጠቆመ ያስረዳል። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ናት። ፊቱን ገና ሳላይ በዚያች እጅ አወቅሁት።

«ያሬድ!»

ዞር ብሎ መነጽሩን ከፍ አደረገ። «ሙሉ? ኧረ አንቺ ሴትዮ! እንዴት ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንተን ለመምሰል ብዬ ነው።»

እኔና ያሬድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ስንማር የአንድ ጠረጴዛ ተማሪዎች ነበርን። ከዚያ በኋላ እሱ ስልክ መሥመር ላይ፣ እኔ ኮረንቲ ላይ ሠርተን፣ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን፣ በሠርግና በለቅሶ ካልሆነ ሳንገናኝ ኖረናል። አዲስ አበባ ዙሪያ መኖር እንዲህ ነው። እሱ በአንዱ መውጫ፣ እኔ በሌላው መውጫ፤ መካከላችን ግማሽ ከተማ ተኝቷል። ሰበታ ቤት ስሠራ ጎረቤቴ የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ማሳው ባለአራት ፎቅ ሆኖ ፀሐዬን ይከለክለኛል።

ኪስ ውስጥ ስለገባችው እጅ ልንገራችሁ።

ያ ዘመን የሰፊ ሱሪ ዘመን ነበር። ወንዶቹ ሲራመዱ የሱሪያቸው ጫፍ የአስፋልቱን አቧራ ይጠርጋል፤ ጸጉራቸው አፍሮ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ እስከ ትከሻ የተዘረጋ። እኛ ሴቶቹ ከጉልበት በላይ በሚቀር ቀሚስ በብርድ እየተንቀጠቀጥን አልበረደንም እንል ነበር። ከኮሌጁ በር ማዶ አንድ ሸክላ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት ጀምሮ ዘፈን ይለቃል፤ አዲስ ሸክላ የገባ ቀን የሚያረፍድ ተማሪ ይበዛ ነበር። በስሙኒ ሻይና ፓስቲ ተበልቶ መልስ ይተርፋል። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት የጀመርኩ ይመስላቸዋል። መንግሥትም በዚያው ሰሞን ይለዋወጥ ነበር መሰለኝ፤ እኔ በደንብ የማስታውሰው ግን የፓስቲውን ዘይት ነው።

ፕሮፌሰር ጉደታ ያኔ ገና ከውጭ አገር ተመልሰው ማስተማር መጀመራቸው ነበር። ፕሮፍ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሳቅ የሚቆጥብ ሰው ናቸው፤ ከባሕር ማዶ ያመጡት ንብረት ቢኖር አንድ ግራጫ ኮት ብቻ ይመስል ነበር፤ ክረምት ከበጋ አይለወጥም። ሥራቸው የሰርኪዩት ንድፍ ነበር። በተለይ የሚወጣና የሚወርድ ኮረንቲን ልክ የሚያስይዝ መሣሪያ ይነድፉ ነበር፤ ለገጠር ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ፣ ለወፍጮ ቤት ሞተር። ንድፋቸው የሚያምረው በቀላልነቱ ነው። አንዲት ዕቃ ሳይቀንሱለት ንድፉን አያሳዩንም። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሰሌዳ ሞልተው ሲወጡ፣ እሳቸው ጠመኔውን አስቀምጠው «ወረቀት ላይ የማይሠራ ሰርኪዩት የለም፤ ውረዱ» ይሉናል። እንወርዳለን። ወርክሾፑ ምድር ቤት ነበር፤ መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ ከውጭ የምናየው የሚያልፈውን ሰው ጫማ ብቻ ነው። በጫማው ማንነቱን መለየት ሌላው ትምህርታችን ነበር።

የመጀመሪያው ተግባር ምናለሽ ተራ ወርዶ የሞተ ሬዲዮ መግዛት ነው። ሬዲዮው ይፈታል፣ እያንዳንዷ ዕቃ በቴስተር ትለካለች፣ በሕይወት ያለችው በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚያ ጣውላ ላይ ሚስማር እንመታና ዕቃዎቹን ሚስማሩ ላይ እንበይዳለን። ሠርተን ስንጨርስ የእኛ የእጅ ሥራ የእሾህ አጥር ይመስላል፤ የፕሮፍ ግን ቀጥ ብሎ የተሰደረ። ብየዳ ሲያስተምሩ ከኋላችን ይቆሙና «አትቸኩል፤ ሊዱ ራሱ ይፈስሳል። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይዟል፤ ከፈዘዘ ዋሽቶሃል» ይላሉ። የፈዘዘ ብየዳ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም፤ ሲሞቅ ይለቃል፣ ሲለቅ ብልጭ ይላል።

የወርክሾፑ ሕግ ግን ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ኮረንቲ ያለበት ነገር ሲነካ ግራ እጅ ኪስ ይገባል። ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር በልብ በኩል ስለሚያልፍ ነው። የመጀመሪያው ቀን እኔ የለበስኩት ቀሚስ ኪስ አልነበረውም። ፕሮፍ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ኪስ ከሌለሽ ትምህርት የለሽም» አሉኝ። ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አለቀስኩ። እናቴ ማታውኑ ከአሮጌ መጋረጃ ቀድዳ ቢጫ ኪስ በሰማያዊው ቀሚሴ ላይ ሰፋችልኝ። በነጋታው ኪሱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እስካሁን ኪስ የሌለው ልብስ አልገዛም።

ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ማንም የራሱን ሥራ አያበራም የሚል ነበር። የኔን ሰርኪዩት የሚያበራው ያሬድ ነው፤ የያሬድን እኔ። አብሪው መጀመሪያ ያያል፤ ከዚያ «ላብራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠሪው «አብራ» ይላል። ፕሮፍ እንደሚሉት፣ ሰው ለራሱ እጅ ብዙም አይሳሳም፤ ሌላው ሰው ነው የሚነካው ብሎ ሲያስብ ግን ብየዳውን ደግሞ ያያል። አብሪው ካላመነበት የሚለው ቃል አንድ ነው። «አላበራም»። ማብራሪያ አይጠየቅም።

ቃሉን የሚናገር ግን ጠፋ። ጓደኛህ ሳምንት ሙሉ የደከመበትን ሥራ፣ ክፍሉ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ አላበራም ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ አለ። ስለዚህ ፊታችንን አዙረን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እናበራለን። ካፓሲተር ጧ ይላል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሕንፃው ይጨልማል፣ እኛም «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» እንባባላለን። ፕሮፍ በዚህ ይበሽቁ ነበር። አንድ ቀን «እናንተ ጓደኛችሁን ከምታሳፍሩ ብትሞቱ ትመርጣላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነበር።

ቃሉን መጀመሪያ ያወጣው ያሬድ ነው፤ ያወጣው ደግሞ በእኔ ላይ። የተርሙ መጨረሻ ላይ የሠራሁትን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዞሮ አየው፣ ጎንበስ ብሎ በሽፋኑ ክፍተት አየው፣ ግራ እጁን ኪሱ አስገባ፣ ላብራ ይለኛል ስል ላብ ባጠመቀው ፊት «አላበራም» አለ። ያን ቀን ምሳ የጋበዝኩት እኔ ነበርኩ! ፕሮፍ ሳጥኑን ከፍተው አሳዩኝ፤ ሽፋኑን ስዘጋ የዋናው ሽቦ ልባስ ተልጦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። ማብሪያውም ብረቱ ላይ ነው የተገጠመው። ለያሬድ አሥር ከአሥር ሰጡት። ለማንም ሰጥተው አያውቁም ነበር። እኔ እስከ ተርሙ መዝጊያ አላናገርኩትም፤ ካፖርቴን እንኳ ከእሱ ካፖርት ጎን አልሰቅልም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። የሰጠኝ ክብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው አሞግሶኛል፣ እንደዚያ ያከበረኝ ግን ጥቂት ነው።

ሬዲዮውን ለጠጋኙ ትተን ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስለ ልጆች፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ከተጨዋወትን በኋላ ያሬድ «ፕሮፍን አይተሻቸው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አሉ እንዴ?»

«ሱሉልታ፣ አባታቸው ግቢ። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ታመዋል። ሳንባቸው ነው፤ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። የሰፈሩ ኮረንቲ ደግሞ ሲወርድ ማሽኑ ይጮኽና ይጠፋል። ከገበያ የተገዛው ስታብላይዘር ተቃጠለ፣ ሌላ ተገዛ፣ እሱም ተቃጠለ። አሁን በሲሊንደር ላይ ናቸው፤ ሲሊንደሩ ሲያልቅ አዲስ አበባ ድረስ ወርዶ ማስሞላት ነው። አንድ ቀን መንገድ ቢዘጋ…»

«ፕሮፍ ታዲያ ዝም አሉ?»

«ምን ዝም ይላሉ! በገዛ እጃቸው ሠሩ። ጨርሰው አስቀምጠውታል።»

«አበራህላቸው?»

ያሬድ ስኳሩ ድሮ የሟሟ ሻዩን አማሰለ።

«መነጽሬን ረሳሁ አልኳቸው።»

«መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ነው።»

«ያን ቀንም አፍንጫዬ ላይ ነበር። ዓይናቸው እኮ ደክሟል፣ ሙሉ። አላዩኝም።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «አንተ ነህ ይህን የምታደርግ? ለእኔ ሲሆን አንደበትህ እንዴት ተፈታ?»

«አንቺማ ሙሉ ነሽ። እሳቸው ፕሮፍ ናቸው! ብየዳው እንደ አመድ ፈዟል። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንቺ ሂጂ እባክሽ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ ያው የድሮው ብርድ በመስኮቱ ገባ። ተማሪ ሳለን አንዴ ፕሮፍ ወደዚህ ይዘውን መጥተዋል፤ የአባታቸው ግቢ በሜዳው መካከል ብቻውን ቆሞ ነበር፣ አዴ ወርቄ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፣ ትኩስ ወተት በጣሳ እየቀዱ «ዱጊ፣ ዱጊ» እያሉ ሲያጠጡን የእኛ የከተማ ልጆቹ ሆድ ታሟል። አሁን ሜዳው ላይ የውሃ ፋብሪካ ነው፣ የብሎኬት ማምረቻ ነው፣ የቆርቆሮ አጥር ነው። ግቢውን ያገኘሁት ባጃጅ የያዘውን ልጅ «የኦቦ ጉደታ ቤት» ብዬ ነው። ፕሮፌሰርነታቸውን ሰፈሩ አያውቀውም፤ ወይም ቁም ነገር አልሆነበትም።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ጋቢ ተከናንበዋል። ከድምፄ ለዩኝ። «ሙሉነሽ! ባለ ቢጫ ኪሷ!» አሉ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጎትተው ትከሻቸውን አስሳሙኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከለቀቁኝም በኋላ አልቆመም።

አዴ ወርቄ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ፣ አጠገባቸው ሲሊንደሩ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ? ኮቱ፣ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ አየር ይፈልጋሉ። የሲሊንደሩን መርፌ ሳላስበው አየሁት። ወደ ቀዩ ተጠግቷል። ማሽኑ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ቆሟል፣ ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ የፕሮፍ ሥራ።

ሳጥኑ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተወሰደ ብረት ነው። ሽፋኑን አነሳሁና በስልኬ መብራት አየሁት። ንድፉን እንዳየሁ አወቅሁት። ያው የድሮው ፕሮፍ ናቸው፤ አንድ ትርፍ ዕቃ የለም፣ ኮረንቲው ሲወርድ የሚያነሳው፣ ሲወጣ የሚያወርደው፣ ሁሉም በቦታው፣ ንጹሕ። ብየዳው ግን ሌላ ሰው የሠራው ይመስል ነበር። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ዋናው ሽቦ ላይ ሊዱ አመድ መስሎ ተቆልሏል። ከሽቦው አንዲት ክር ወጥታ የሳጥኑን ብረት ልትነካ ደርሳለች። ይህ ብልጭ የሚለው ደግሞ ኦክስጅን በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ ነው።

«እህ?» አሉ ፕሮፍ ከኋላዬ። ያው እንደ ድሮው ከትከሻዬ በላይ ነው የቆሙት። «ምን ይመስላል?»

ያሬድን ስሰድበው የነበርኩት ሴትዮ አሁን ሰበብ ፍለጋ ገባሁ። ንድፉ ግሩም ነው ልል እችላለሁ፤ እውነት ነው። ኮረንቲው እስኪረጋ እንጠብቅ ልል እችላለሁ። እኚህን ሰው፣ እጄን ይዘው ብየዳ ያስተማሩኝን፣ በሚስታቸው ፊት፣ በገዛ ቤታቸው እንዴት ላሳፍር? ወተቱ እንኳ ቀርቦልኛል! አዴ ወርቄን ቀና ብዬ አየኋቸው። እያዩኝ ነበር።

ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«አላበራም» አልኩ።

ፕሮፍ ወንበር ፈልገው በእጃቸው እየዳሰሱ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «የት ላይ ነው?» አሉኝ።

«ዋናው ሽቦ ላይ። ፈዟል። ክርም ወጥታለች።»

«አዎ» አሉ። «አንድ ቦታ እንዳለ አውቄ ነበር።»

«አውቀው ነበር?»

«ያሬድ መጣ። ከእሱ በፊትም የእናንተው ጓደኞች መጡ። ሁሉም 'ፕሮፍ፣ እጅዎ ዛሬም ያው ነው' አሉኝ፤ ወተታቸውን ጠጡ፤ አንዱ ቸኮለ፣ አንዱ መነጽር ረሳ። ያበራ የለም። አላበራም ያለም የለም። ደህና ቢሆን አንዱ ያበራው ነበር እኮ። ብልሽቱ የት እንደሆነ ነው ዓይኔ የማይነግረኝ።»

«ታዲያ ፈልጉልኝ አይሏቸውም ነበር?»

የመለሱልኝ አዴ ወርቄ ናቸው፤ ቱቦውን በጣታቸው ደገፍ አድርገው፣ «ምን ይሉኛል ብሎ ነዋ!» አሉ። ፕሮፍ በዚያ ዕድሜያቸው ሲያፍሩ አየሁ። «እኔስ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም?» አሉና ሳቁ፤ ያን የሚቆጥቡትን ሳቅ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

«የብየዳውን ብረት ሰክቼልሻለሁ፤ ይግላል» አሉ ፕሮፍ። «አሮጌውን ሊድ አንሺና እንደገና በይጅው። አትቸኩይ፣ ራሱ ይፈስሳል።»

በየድኩት። የእኔም እጅ የዱሮው አይደለም፣ ግን ጊዜ ወስጄ፣ ክሯን መልሼ ጠምጥሜ፣ ሊዱ ፈስሶ እስኪያብረቀርቅ ጠበቅሁ። የሙጫው ጭስ እንዳይደርሳቸው አዴ ወርቄን ከነሲሊንደራቸው ወደ መኝታ ቤት ወስጃቸው ነበርና፣ መስኮቱን ከፍቼ አናፍሼ፣ ሌላውን ብየዳ ሁሉ አንድ በአንድ አይቼ፣ የጠረጠርኩትን ደግሜ፣ ሽፋኑን ገጠምኩ። ጨረስኩ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብየዳው አሁን የእኔ ነው። ላበራው አልችልም።

ፕሮፍም ያው ትዝ ብሏቸዋል። ከወንበራቸው ተነሡ፣ ሳጥኑ ዘንድ ደረሱ፣ ከዚያ ቆም አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ታች ዳሰሱት። ጋቢ ኪስ የለውም። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ውስጥ ገቡ። ቆዩ። ከመኝታ ቤቱ አዴ ወርቄ በኦሮምኛ ሲያጉረመርሙ፣ የቁም ሳጥን በር ሲንቋቋ ይሰማኛል። ሲመለሱ ግራጫውን ኮት ለብሰዋል። ሰፍቷቸዋል፤ ቁልፎቹን አዛብተው ቆልፈዋቸዋል። አዴ ወርቄ ቱቦአቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

ፕሮፍ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እጃቸው እዚያም ውስጥ መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ በጨርቁ ላይ ይታያል። ቀኙን ማብሪያው ላይ አሳረፉና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ላብራ?» አሉኝ።

በዚያ ምድር ቤት ስንት ጊዜ ይህን ቃል ተለዋውጠናል፤ እሳቸው ግን ማንንም ጠይቀው አያውቁም ነበር። ብየዳዬን በልቤ አንድ ጊዜ ደግሜ አየሁት። ያብረቀርቅ ነበር።

«ያብሩ» አልኳቸው።